ባለሸራው ቤት

አባቴን ያመጣልኛል ብዬ የጠበቅሁት ቤት ከሞንትሪያል የመጣው ተቆራርጦ ነው።

ስድስት ዓመቴ ነበር። በመከር ማብቂያ ላይ አንድ የጭነት መርከብ ኒውፋውንድላንድ ጫፍ ላይ ወዳለችው ወደባችን ገባና ብረት ያወርድ ጀመር። ብረቶቹ ሦስት ማዕዘን ናቸው፤ ከቤታችን ጣሪያ ይበልጣሉ። በእያንዳንዱ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። የዓሣ ፋብሪካው ሴቶች ሽርጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ ወጥተው አጥሩ ሥር ተደረደሩ።

"ምንድነው እሱ?" አልኳት እናቴን።

"ቤት።"

"የማን ቤት?"

"የዩጎዝላቪያ።"

ዩጎዝላቪያ የሰው ስም መሰለኝ። ቤቱን ነቅሎ ለሰው የሚሰጥ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ግራ ገባኝ። ያስረዳኝ አጎቴ ጋርላንድ ነው። ጋርላንድ የእናቴ ወንድም ነው፤ ወደቡ ላይ ጭነት ያወርዳል፣ ምላሱ ግን ከእጁ ይፈጥናል።

"ሞንትሪያል ላይ የዓለም ትርዒት ነበረ" አለኝ። "ሁሉም የየራሱን ቤት ሠርቶ አሳየ። ትርዒቱ ሲያልቅ ዩጎዝላቪያ ቤቱን ተሸክሞ መመለስ ከበደው። የእኛ ፋብሪካ ጌታ ደግሞ አየውና የመርከብ ሸራ መሰለው። ሌላው ሰው ሲሰክር ውሻ ይዞ ይገባል፤ እሱ ቤት ይዞ ገባ።"

"አፍህን!" አሉት አክስት ድሩሲላ። "ሙዚየም ሊሆን ነው። ወንዶቻችን እዚያ ይቀመጣሉ።"

አክስት ድሩሲላ ዘመዳችን አይደሉም፤ በእኛ አገር አሮጊት ሁሉ አክስት ነው። የሚኖሩት ከእኛ ቤት ቀጥሎ ነበር። አራት ዓመቴ ሳለ ብሌንዳ የምትባል የዓሣ መርከብ በክረምት ማዕበል ከነሰዎቿ ስትሰምጥ ባላቸውም ልጃቸውም ውስጧ ነበሩ። አባቴም። አንዱም አልተገኘም፣ አንዱም አልተቀበረም። ስለዚህ "ወንዶቻችን እዚያ ይቀመጣሉ" ሲባል እንደሰማሁት ነው የተረዳሁት። አባቴ እዚያ ሊቀመጥ ነው።

ሠራተኞቹ ብረቱን ከወደቡ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ማቆም ጀመሩ። አንዱ ሦስት ማዕዘን ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ሌላው ወደ ቀኝ፤ ሹል ጫፋቸው ሰማይ ሊወጋ ነው። ነፋስ ሲመታቸው ከበሮ የመሰለ ድምፅ ያወጣሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆሜ አየዋለሁ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ሸራው ተወጥሮ ሲያልቅ ቤቱ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ ብሌንዳ የሰመጠችበት ድረስ ይሄዳል፣ ወንዶቹን ጭኖ ይመለሳል። ይህን ለጋርላንድ ነገርኩት።

"እምቢ ካለ ከኋላ እንገፋዋለን" አለኝ። ለብዙ ወራት በዚያ መልስ ተጽናንቻለሁ።

ዛሬ መሐንዲስ ነኝ፤ ያ ቤት ሸራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሠራው ሰው ስለ ዓሣ አጥማጅ አንድም ቀን ያሰበ አይመስለኝም። ሦስት ማዕዘን ነው፣ በቃ። ሸራውን የጨመርንበት እኛ ነን። ያጣ ሰው ያየውን ሁሉ ካጣው ነገር ጋር ያመሳስለዋል፤ መንደራችን ደግሞ ያጣው ብዙ ነበር።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ከምድጃው ጀርባ ግድግዳው ላይ ሦስት ምስማሮች ነበሩ፤ የእናቴ፣ የእኔና የአባቴ። እርጥብ ጓንት የሚሰቀለው እዚያ ነው። የአባቴ ባዶ ነው፤ ማንም አይነካውም። አንድ ቀን ጋርላንድ ባርኔጣውን ሰቀለበት። እናቴ አውርዳ ደጅ በረዶ ላይ ጣለችለት።

የመግቢያው ጉበን ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። ቤቱን የሠራው አያቴ አጭር ስለነበረ በራሱ ልክ ሠራው። ቤታችንን የማያውቅ ረጅም ሰው ሁሉ ግንባሩን ሳይመታ አይገባም። የሚያውቁትም ቢሆኑ ይረሱታል።

ገና መጣ። ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት አሥራ ሁለት ቀናት ጃኒ የምንላቸው፣ ማንነታቸውን የደበቁ ጎረቤቶች በየቤቱ ይዞራሉ። ወንዱ ቀሚስ ይለብሳል፣ ሴቷ የባሏን ቦት ጫማ ታጠልቃለች፤ ትራስ ሆዳቸው ውስጥ ይወትፋሉ፣ ፊታቸውን በመጋረጃ ይሸፍናሉ። ድምፃቸው እንዳይለይ ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየሳቡ ያወራሉ። ባለቤቷ ማን እንደሆኑ መገመት አለባት። የታወቀ ጃኒ ፊቱን ገልጦ ኬክ ይበላል፣ ይጠጣል። ካልታወቀም ትንሽ አሹፎ ራሱ ይገለጣል። ጓንት ግን አይወልቅም፤ እጅ ያጋልጣል። በዓመት ውስጥ ሰው ፊቱን ሸፍኖ በመንደራችን እንደልቡ የሚሄደው በእነዚያ ቀናት ብቻ ነው።

ጃኒ በመገመት እናቴን የሚያክል አልነበረም። ፊት አትፈልግም፤ የምታየው ጓንት ነው። በእኛ መንደር እያንዳንዷ ሴት ሱፍ የምትሠራበት የራሷ እጅ አላት፤ አንዷ ታጠብቃለች፣ አንዷ ታላላለች፣ አንዷ ጥለቷን ከእናቷ ወርሳለች። ብሌንዳ ባል፣ ልጅ ወይም ወንድም የወሰደችባቸው ሴቶች በየሳምንቱ ተራ እየገቡ አብረው ይሠሩ ስለነበር እናቴ የሁሉንም እጅ ታውቃለች።

ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ገና እንደመሸ፣ በሩ ተንኳኳ።

"ጃኒዎች ይግቡ?" አለ አንድ እንቁራሪት የዋጠ የሚመስል ድምፅ።

"ግቡ፣ በረዶውን ደጅ አራግፉ!" አለች እናቴ።

ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ እናቴ፣ አክስት ድሩሲላና አኮርዲዮኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሚጫወተው ጋርላንድ ነን። የመጀመሪያው ጃኒ ግንባሩን ጓ! አደረገውና በገዛ ድምፁ "ወይ እናቴ!" ብሎ ጮኸ።

"አንዱ ታወቀ!" አለ ጋርላንድ። "ክላረንስ ነው። እንዲህ የሚጮኽ ሌላ ጥጃ የለንም።"

ሁለተኛው የሙሽራ ቀሚስ ለብሶ ሆዱን በትራስ ነፍቷል። እናቴ ጓንቱን ይዛ ገለባበጠችው።

"ይሄ የብላንሽ ሥራ ነው፤ አውራ ጣቱ ላይ ሁልጊዜ ይጠብባታል። እንግዲያ አንቺ ሙሽራ፣ የብላንሽ ባል ነህ። ስንተኛ ወርሽ ነው?"

"ዘጠነኛዬ!" አለ ሙሽራው ወደ ውስጥ እየተነፈሰ።

"አባቱስ ማነው?"

"ቄሱን ጠይቁልኝ!"

አክስት ድሩሲላ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "አንተ ባለጌ፣ አፍህን በሳሙና!" ሦስተኛዋ ብላንሽ ራሷ ነበረች፤ ባሏ ሲሰደብ ስትስቅ ታወቀች።

አራተኛው ከኋላ ነው የገባው። ረጅም ነው። ካፖርቱን ገልብጦ ለብሷል፣ ነጭ የመስኮት መጋረጃ ፊቱ ላይ ወርዷል። በሩ ጋ ሲደርስ አንገቱን ሰበር አድርጎ ገባ። ወደ ጉበኑ አልተመለከተም፤ ዝም ብሎ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ገባ። እኔ ቅር አለኝ። የረጃጅሞቹን ግጭት ነበር የምጠብቀው።

ማንንም ሳያናግር በቀጥታ ወደ ምድጃው ሄደ። በረዶ የጋገረበትን ጓንቱን አወለቀና ሦስተኛው ምስማር ላይ ሰቀለው፤ አንዱን በአንዱ ላይ። ከዚያ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ።

"እሱ የአባቴ ምስማር ነው!" ብዬ ጮኽሁ።

አኮርዲዮኑ ቆመ። እናቴ የኬኩን ቢላዋ እንደያዘች ወደ ምድጃው መጣች። ጓንቱን አየችው። ግራጫ ነው፤ አንጓው ላይ ቀይ ጥለት ዞሮታል። በጣቷ ነካ አድርጋ ተወችው።

"የማን ሥራ ነው?" አለ ጋርላንድ።

"የእኛ አገር ሴት አይደለችም" አለች እናቴ።

ያኔ ገባኝ። ከእኛ አገር ያልሆነ፣ ማንም የማያውቀው፣ ረጅም ሰው። ጉብታው ላይ ደግሞ ከሌላ አገር የመጣ ረጅም ቤት አለ።

"አቶ ዩጎዝላቪያ ነው!" አልኩ። "ቤቱን ሊያይ ነው የመጣው!"

ክላረንስ በሳቅ ወንበሩን ሊሰብር ደረሰ። ሙሽራውም ትራሱን ይዞ ተንከተከተ። እናቴ አልሳቀችም። አክስት ድሩሲላም።

ረጅሙ ጃኒ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። መጋረጃው በትንፋሹ ወደ አፉ ገባ፣ ወጣ።

"ስንት ዓመትሽ ነው?" አለኝ በዚያ በተሳበ ድምፅ።

"ስድስት። ቤትህን ለምን ተውከው?"

እጆቹን ብብቱ ውስጥ ይበልጥ ሸጎጠ። እኔ ስለ ጉብታው ቤት ነበር የጠየቅሁት።

"ኤፊ፣ ገምቺ እንጂ!" አለ ጋርላንድ። "ኬኩን ጨረሱት እኮ።"

"አላውቀውም" አለች እናቴ።

"አንቺ? አንቺ ያላወቅሽው ጃኒ?"

"አላውቀውም አልኩህ።"

ጃኒው ቀስ ብሎ ተነሣ። አንድ እጁን ከብብቱ አወጣና የመጋረጃውን ጫፍ ያዘ።

"አታንሣው" አለች።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ቢላዋው ግን እጇ ላይ ነበር፤ እንደያዘችው የረሳችው ይመስለኛል። "በዚህ ቤት ያልታወቀ ጃኒ ፊቱን አይገልጥም።"

"ይሄ ደግሞ ከመቼ ወዲህ የወጣ ደንብ ነው?" አለ ጋርላንድ።

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው አላውቅም። አክስት ድሩሲላ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ ሳቅ የሚባል አልቀረም።

"ባለቤቷ አላውቀውም ካለች አለቀ። ጋርላንድ፣ በሩን ክፈትለት።"

አሮጊቷ ጨካኝ መሰሉኝ። ሰው በዚያ ውርጭ ኬክ ሳይቀምስ ይባረራል? ጃኒው እጁን አወረደ። አሁንም ጉበኑ ሥር አንገቱን ሰበር አድርጎ ወጣ። ጓንቱ ምስማሩ ላይ ቀረ። ሌሎቹ ሲሄዱ እናቴ አወረደችው፣ ምስማሩን በሽርጧ ጠረገችው፣ ጓንቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

በማግሥቱ ጉብታው ላይ ወጣሁ፤ አቶ ዩጎዝላቪያን ጓንቱን እንደረሳ ልነግረው። በመርከብ ያላለቀውን የመጨረሻ ብረት ከሞንትሪያል ያመጣው የጭነት መኪና ሄዷል። ጎማው የቆመበት ቦታ ብቻ በረዶው ላይ ቀርቷል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ፣ ለዩኒቨርሲቲ ልሄድ ሻንጣዬ በር ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ እናቴ ድንች እየላጠች ነገረችኝ። ዓይኗን ከድንቹ አላነሣችም። ብሌንዳ ከመስመጧ በፊት ከሰል ልትጭን ሃሊፋክስ ገብታ ነበር... አይ፣ ተሳሳትኩ፣ ከሰል አይደለም፤ በረዶ፣ ለዓሣው። አባቴ ሴልቢ እዚያ ወርዶ አልተመለሰም። መርከቧ ያለ እሱ ወጣች፣ ሰመጠች። ኋላ እንደሰማችው፣ ሞንትሪያል ገብቶ ለዚያ ትርዒት ብረት ሲገጥም ነበረ። ሞተ ብለን ስናለቅስ ሰምቷል፤ ዝም አለ። አንዲት ሴት ነበረችው። ጓንቱን የሠራችው እሷ ናት። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የፈቱት ቤት ወደ እኛ መንደር ሲመጣ፣ ከጭነት መኪናው ነጂ ጋር ተደርቦ መጣ፤ ፊት ሳይታይ መሄድ በሚቻልበት ሳምንት።

"ለምን ስሙን አልጠራሽውም?" አልኳት።

"ድሩሲላ ፊት?" አለች። ሌላ ድንች አነሣች። "እሷ ልጇን ባሕር ውስጥ ትታ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ 'ሴልቢ፣ ኬክ ብላ' ልበለው?"

"ተመልሶ ቢሆንስ የመጣው?"

"ጓንቱን አይተሽዋል" አለችኝ።

በኋላ ሞንትሪያል ውስጥ መሞቱን ሰምተናል። አላለቀስኩም፤ ለማን እንደማለቅስ አልገባኝም።

ሙዚየሙ የተከፈተው ስምንት ዓመት ሲሞላኝ በበጋ ነው። ቤቱ እንደማይሄድ ያኔ ገብቶኛል፤ አባቴ ግን ውስጡ ይኖራል የሚለውን ገና አልጣልኩም። ሬሳ እጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል። የማርሽ ባንዱ ተጫወተ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ከብረቱ ሥር ባለው በር ገባን። ወንዶቹ አልነበሩም። አንድ ረጅም የመስታወት ሣጥን ነበረ፤ ብሌንዳ ላይ ከሞተው ከእያንዳንዱ ሰው ቤተሰብ አንድ ዕቃ ተሰጥቶ ተቀምጦበታል። የአክስት ድሩሲላ ባል ፒፓ። የልጃቸው የቸስ የትምህርት ቤት ቀበቶ፤ ጢም እንኳ ሳያበቅል ነው የሄደው። ከዚያ "ሴልቢ" የሚል ስም፣ ከሥሩ አንድ ጥንድ ግራጫ ጓንት፣ አንጓው ላይ ቀይ ጥለት።

"እማ! ይሄ እኮ የአቶ ዩጎዝላቪያ..."

ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። "ዝም በይ።"

"የአባቴ አይደለም!"

"የአባትሽ ነው። ዝም በይ አልኩሽ።"

የአባቴን ዕቃ ማጣቷን ለመሸፈን የሰው ጓንት የሰጠች መሰለኝ፤ አፈርኩባት። ከእኛ ኋላ ሴቶቹ ተራቸውን ይዘው ወደ መስታወቱ ይጠጋሉ፣ ያያሉ፣ ያልፋሉ። ያን ቀን በጣም ጸጥ ያሉ ነበሩ። ሐዘን ነው ብዬ ነበር።

እናቴ ባለፈው ክረምት ሞተች። በዚህ ሐምሌ ቤቱን ባዶ ላደርግ መጣሁ። የመጣሁበት ሳምንት መንግሥት ዓሣ ማጥመድ ከለከለ፤ ዓሣው አልቋል ተባለ፣ ፋብሪካው ጸጥ አለ። ሬዲዮው ከዚያ ቀጥሎ ስለ ዩጎዝላቪያ ጦርነት ያወራል። አገሩ ፈርሶ ቤቱ እኛ ጋ ቀርቷል።

የሙዚየሙ ኃላፊ ማርሊን ደውላልኝ ነበር። የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ጣሪያው ስለሚያፈስ የመስታወት ሣጥኑን ወደ ሌላ ክፍል ሊያዛውሩት ነው፤ ቤተሰብ መጥቶ ዕቃውን ይይ፣ የሚወስድ ይውሰድ ተብሏል። እኔም ልወስድ ወሰንኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ከሃዲ ከሰመጡ ሰዎች መሀል ተቀምጦ የሐዘን አበባ ጉንጉን ተቀብሏል። ይበቃል። እናቴም ሞታለች፣ እሱም ሞቷል፣ እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ለማስመሰል ትዕግሥት የለኝም።

ስገባ አክስት ድሩሲላ ከሣጥኑ አጠገብ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በጣም አርጅተዋል። ባልዲ ውስጥ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

"ትሪፊ ነሽ? ከስተሻል። ዩኒቨርሲቲ ምግብ የላቸውም?"

"ከጨረስኩ ቆየሁ እኮ፣ አክስቴ።"

"እንግዲያ ባል አላገኘሽም ማለት ነው። ምን ልታደርጊ መጣሽ?"

"ጓንቱን ልወስድ። የአባቴ አይደለም።"

"የአባትሽማ ነው" አሉኝ። "የእናትሽ እጅ አይደለም እንጂ።"

ማርሊን ቁልፉን እያዞረች ነበር፤ ቆመች።

"ኤፊ አንጓ ላይ ቀይ አስገብታ አታውቅም" አሉ፣ መስታወቱን በከዘራቸው እያመለከቱ። "ይሄን ከፍተው ባስቀመጡት ቀን ነው ያወቅነው። ብላንሽ አወቀች፣ ሌሎቹም አወቁ። ያንን ምሽት እኔ ቤታችሁ ነበርኩ፤ እኔ እንኳ ጓንቱ አላስፈለገኝም። ሴልቢ በዚያ በር ሲገባ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። ረጅም ሆኖ ጉበኑ የማይመታው እሱ ብቻ ነበር።"

"ሁላችሁም... ለምን ዝም አላችሁ?"

"ልነሣ ነበር" አሉ። "የእኔ ቸስ ባሕር ውስጥ፣ እሱ ምድጃ ይሞቃል። መጋረጃውን ከፊቱ ልቀድደው እጄ ተንቀሳቅሷል። እናትሽን አየኋት። አላውቀውም አለች።" አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "ባለቤቷ ካላወቀችው ጎረቤት ያውቃል እንዴ? ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ከእኛ ጋር ተቀምጣ ሱፍ ሠርታለች። የባልሽ ጓንት ምነው ቀይ ሆነ ያላት የለም። አንቺ አሁን አውጥተሽ ልታሳይን ነው? ለማን? ለእኔ?"

ውጭ ነፋስ ተነሣ። ብረቱ ያንን የድሮ ድምፁን አሰማ። ቤቱ ግን እንደተለመደው የትም አልሄደም።

ማርሊን መስታወቱን ከፈተችና እጇን ወደ ግራጫው ጓንት ዘረጋች።

"ላንሣልሽ?"

"አታንሺው" አልኳት።